የመኝታ ሰዓት መመሪያ

ኦቲዝም ያለበት ልጅ «በራሱ ዓለም ውስጥ ነው የሚኖረው» ይባላል። ውሸት ነው። የእኔ ልጅ የሚኖረው መሳለሚያ ነው፤ ከአንድ የቆርቆሮና ሚስማር ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። መስኮቱ ሲከፈት የሚኒባስ ረዳቶች ጥሪ ሳይቀነስ ሳይጨመር ይገባል። ልጄ ከሁላችንም በላይ እዚህ ነው ያለው። የትኛው ደረጃ እንደተሰነጠቀ፣ የጎረቤት ፍሪጅ በስንት ደቂቃ አንዴ እንደሚንቀጠቀጥ፣ የታችኛው ሱቅ በር ሲዘጋ ስንት ጊዜ ሲጥ እንደሚል ያውቃል። በራሳቸው ዓለም ውስጥ የሚኖሩ ሰዎችንማ አውቃለሁ። አብዛኞቹ ስብሰባ ይመራሉ።

አባባሉን የማነሳው ልከራከር ስለወደድኩ ብቻ አይደለም፤ መከራከር እንደምወድ ባልክድም። በዚህ አባባል ምክንያት አንድ ሰሞን ልጄን ልነጠቅ ነበር። «እሱ እንደሆነ በራሱ ዓለም ነው፤ የትም ቢሆን ለእሱ አንድ ነው» ተባለ። የትም ቢሆን አንድ የሚሆንለት ልጅ ቢኖር እንኳ የእኔ አይደለም። የእኔ ልጅ የጥርስ ብሩሹ ኩባያ ውስጥ ወደ ግራ ካዘነበለ ጥርሱን አይቦርሽም።

ስምንት ዓመቱ ነው። ማታ ማታ አብረን እናነባለን። ይህን ስል ሰዎች ፊታቸው ይፈካል፤ እናትና ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው ጦጣና ጅብ የተሳሉበት መጽሐፍ ሲገልጡ ይታያቸዋል። እኔም ታይቶኝ ነበር። ልጁ ሳይወለድ መደርደሪያ አሠርቼለታለሁ። ብዙ ያነበቡ ሰዎች አንድ የጋራ በሽታ አለባቸው፤ ልጃቸው እነሱ የወደዱትን መጽሐፍ ሲወድ ማየት ይፈልጋሉ። ልጁን ሳይሆን ራሳቸውን ማስተኛታቸው ነው።

ተረቱን ሞከርኩት። ጅቡን በጅብ ድምፅ፣ ጦጣዋን በጦጣ ድምፅ አነበብኩ። ልጄ በሁለት መዳፉ ጆሮውን ደፈነ። ድምፄን ሳስተካክል ደግሞ መጽሐፉን ጣቴ ላይ ዘጋው። በሌላ ቀን ሥዕሉን ትቶ የገጽ ቁጥሮቹን ብቻ ከአንድ እስከ ሃያ አራት አነበበና ተኛ። እውነቱን ለመናገር እኔንም ሰልችቶኝ ነበር። ጅብ በተረት የሚሞኘውን ያህል በእውነት ቢሞኝ ኖሮ ዘሩ ድሮ በጠፋ ነበር።

ከዚያ ካውያው መጣ። ባለቤቴ ሶማሌ ተራ ውስጥ የቤት ዕቃ በጅምላ ይሸጣል። ካርቶኑ የተቀደደ ዕቃ ገዢ ስለማይወደው ወደ ቤት ይመጣል፤ ቤታችን ያለው ዕቃ ሁሉ ካርቶኑ የተቀደደ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ካውያ ይዞ ገባ። ልጄ ካውያውን ገፍቶ ከካርቶኑ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ አስመጪው በአማርኛ ያሳተመው መመሪያ ነው። አልጋው ላይ ወጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። «ይህን ካውያ ስለመረጡ እናመሰግናለን» ብዬ ጀመርኩ። «ከመጠቀምዎ በፊት ይህን መመሪያ በጥሞና ያንብቡ።» ልጄ በጥሞና ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮው ላይ እጅ አልነበረም። «ሶኬቱን ከመንቀልዎ በፊት ማብሪያ ማጥፊያውን ያጥፉ።» ራሱን በቀስታ ወደፊትና ወደኋላ ያወዛውዛል፤ ደስ ሲለው የሚያደርገው ነው።

እስካሁን ካውያ፣ ስቶቭ፣ ሩዝ ማብሰያ፣ ሁለት ዓይነት የውሃ ማሞቂያና አንድ የጁስ መፍጫ አንብበናል። ሥርዓቱ የማይነቃነቅ ነው። ከአንዋር መስጊድ የሚሰማው የመጨረሻው የማታ ሶላት፣ የዒሻ አዛን እስኪያልቅ እንጠብቃለን። ሲያልቅ እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር አነባለሁ፤ ቀጣዩን እሱ ጣቱን ከቃሉ ሥር እያስኬደ ያነባል። መዝለል የለም። አንድ ቀን ደክሞኝ የውሃ ማሞቂያውን አምስተኛ አንቀጽ ብዘል ከመጀመሪያው አስጀመረኝ። ትክክል ነበር። አምስተኛው አንቀጽ ስለ ኤሌክትሪክ ንዝረት ነው።

ያዩኝ ጓደኞቼ ያዝኑልኛል። አያስፈልግም። መመሪያ ከብዙ ልብ ወለድ የተሻለ ጽሑፍ ነው። አይለማመጥም፣ አያለቅስም፣ መጨረሻው ላይ ምክር አይሰጥም፤ ምክሩን በየመስመሩ ሰጥቶ ጨርሷል። «መብራቱ ቀይ ሲሆን ይጠብቁ» ካለ መብራቱ ቀይ ይሆናል፤ ይጠበቃል። ልጄ በሚኖርባት ከተማ ይህን ያህል ቃሉን የሚጠብቅ ሌላ ነገር አላውቅም።

ሌላም አለው። መመሪያ አንባቢውን «እርስዎ» ይላል። ልጄም ከዚያ የወሰደውን ሁሉ በ«እርስዎ» ይናገረዋል። ድመታችንን «ገመዱን አይንኩ» ይላታል። እኔን በሩ ላይ ቆሜ ስልክ ሳወራ «ክዳኑን ይዝጉ» ይለኛል። ለድመት ይህን ያህል ክብር የሚሰጥ ቤት መርካቶ ውስጥ ሌላ ያለ አይመስለኝም። በእርሳስም ይገለብጠዋል፤ ቤታችን የገባ ካርቶን ሁሉ ጀርባው በእሱ ጽሑፍ የተሞላ ነው። መምህርቷ ጥሩ ሴት ናት፤ ነገር ግን ደጋግማ የምትለኝ አንድ ነው። «ያነባል፣ ይገለብጣል፤ ግን አይረዳም። ከራሱ አውጥቶ አንድ ቃል ጽፎ አያውቅም።»

ሁኔታው በዚህ ላይ እንዳለ ነው አማቼ የመጡት።

የባለቤቴ አባት ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ጎጃሜ ናቸው። የመጡት በሁለት ጉዳይ ነበር። አንደኛው ዓይናቸው ነው፤ የዓይን ሞራ ይዟቸው ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ነው። ሁለተኛው ልጄ ነው። ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ አይቶ ሲያሰናብታቸው ልጁን ይዘው ሊሄዱ፣ እሳቸው መንደር አጠገብ ካለው ጠበል ክረምቱን በሙሉ ሊያስጠምቁት አስበዋል። ካስፈለገም ዓመቱን። ባለቤቴ ይህን በስልክ ሰምቶ «እሺ» ብሏል። እኔ የሰማሁት አማቼ አውቶቡስ ላይ ከወጡ በኋላ ነው።

ጠበል አልቃወምም። ታምሜም ሳልታመምም እጠጣለሁ። የምቃወመው ልጄ ካለ ካውያው፣ ካለ አዛኑ፣ ካለ እኔ ክረምት ሙሉ የማያውቀው ቤት ውስጥ መክረሙን ነው። ዓመቱን ከቆየ ደግሞ ትምህርት ቤቱ አለ። ይህን ትምህርት ቤት ያገኘሁት አምስት ሌሎች «ቦታ የለም» ካሉኝ በኋላ ነው። እዚህ ለጊዜው የሚለቅ ልጅ የለም፤ የለቀቀ ለቀቀ ነው።

«አባቴን እንዴት አድርጌ እምቢ እላለሁ?» አለኝ ባለቤቴ።

«እኔን ግን እምቢ ማለት ትችላለህ?»

«አንቺን መቼ እምቢ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«አሁን እያልከኝ ነው።»

ዝም አለ። ጅምላ ነጋዴ ዝም ሲል ዋጋው አይቀንስም ማለት ነው።

አማቼ ልጁ ክፍል ውስጥ፣ ትይዩ ባለው አልጋ እንዲተኙ ተደረገ። የመጀመሪያው ማታ አዛኑ አለቀ። አማቼ ሳያውቁ የልጁ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጄ ፊት ለፊታቸው ሄዶ ቆመና ትከሻቸውን አሻግሮ ግድግዳውን እያየ «አሁን ትተኛለህ» አላቸው።

አማቼ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለኝ?»

«አሁን ትተኛለህ» ደገመላቸው ልጁ።

«አንተ አለኝ እኮ፣ ይሄ ልጅ።»

«እርስዎን አይደለም፣ አባባ። ስለ ራሱ ነው። ‘እተኛለሁ’ ማለቱ ነው።»

«‘እተኛለሁ’ ለማለት ‘እተኛለሁ’ የሚባል ቃል የለም እንዴ በአዲስ አበባ?»

አስረዳኋቸው። እኛ ልጁን «ውሃ ትጠጣለህ?» ብለን እንጠይቀዋለን፤ ከዚያ ውሃ ይመጣል። እሱም ውሃ የሚያመጣው ቃል «ትጠጣለህ» ነው ብሎ ያዘው። ሲርበው «ትበላለህ» ይላል፤ ሲደክመው «ትተኛለህ»። የራሱን ነገር ሁሉ የሚናገረው እኛ እሱን በምንጠራበት ቃል ነው። አስቡት እስቲ፤ ስሕተቱ ከብዙዎቻችን ትክክል የበለጠ ምክንያት አለው።

አማቼ አልተጽናኑም። «አንተ ብሎ የጠራኝ የመጨረሻው ሰው ታላቅ ወንድሜ ነበር» አሉ ጋቢያቸውን እያጣፉ። «እሱም ከሞተ ሰባት ዓመቱ። ‘እኔ’ን እና ‘አንተ’ን ያልለየ ልጅ ካለጠበል በምን ይድናል?»

የኔ ማብራሪያ የእሳቸው ማስረጃ ሆኖ አደረ።

በሦስተኛው ቀን ዓይናቸው ተሠራ። አንድ ዓይናቸው ታሽጎ፣ የሌላኛው ዕይታ ደግሞ ከድሮም የደከመ ሆኖ፣ በባለቤቴ ክንድ ተደግፈው ተመለሱ። ለጊዜው ማንበብ ተከልክለዋል፤ ይህ ቀላል ቅጣት አልነበረም። እኚህ ሰው በየማለዳው ያንኑ የጸሎት መጽሐፍ ከስልሳ ዓመት በላይ አንብበዋል። ልብ በሉ፤ አንድን ጽሑፍ በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ሰውነትን እያወዛወዙ ማንበብ ሽማግሌ ሲያደርገው መንፈሳዊነት ነው፤ ልጅ ሲያደርገው ምርመራ ያዙለታል።

ከሐኪም ቤት ይዘውት የመጡት ከረጢት ውስጥ ጠብታና አንድ ገጽ ወረቀት ነበረ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረገውና የማይደረገው በቁጥር ተዘርዝሮበታል። ልጄ ወረቀቱን ከማንኛችንም በፊት አገኘው። ያን ማታ ሩዝ ማብሰያውን ሳቀርብለት ገፋው። የአያቱ ወረቀት ጭኔ ላይ ተቀመጠ።

«ጠብታውን ከማድረግዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» ብዬ ጀመርኩ።

«ዓይንዎን አይሹ» አለ ልጄ፣ ጣቱን እያስኬደ።

«ከባድ ዕቃ አያንሱ።»

«አይጎንበሱ።»

አማቼ ትይዩ አልጋ ላይ ተጋድመዋል። የተኙ መስሎኝ ነበር። ስንጨርስ ግን «ንባቡ የጠራ ነው» አሉ አማቼ።

«መምህርቷ ግን አይረዳውም ትላለች።»

«እኔስ መች ተረዳሁት? ንባብ ቤት ስገባ ግዕዙን ሦስት ዓመት ጮኼ አነበብኩ። የአንዷን ቃል ትርጉም የነገረኝ የለም። ብጠይቅም የኔታ በአርጩሜ ነበር የሚመልሱልኝ። ‘አፍህ ይልመደው፤ ልብህ ኋላ ይደርሳል’ ይሉን ነበር።»

«ደረሰ?»

«አንዳንዱ ደረሰ። አንዳንዱ አሁንም መንገድ ላይ ነው።»

እኔ ለመምህርቷ ለማስረዳት ሁለት ዓመት የደከምኩበትን እሳቸው ጋቢ ውስጥ ሆነው ጨረሱት። ትንሽ ቀናሁ።

በነጋታው ጠዋት ጠብታውን ልጨምርላቸው ስመጣ አማቼ ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆመዋል። ጸሎታቸውን ጨርሰው ለስግደት ወገባቸውን ማጠፍ ሲጀምሩ ከልጁ አልጋ ድምፅ መጣ።

«አይጎንበሱ።»

አማቼ ባሉበት ቀሩ። «ማነው?»

«አይጎንበሱ። አራት ቁጥር።»

ቀስ ብለው ቀና አሉ። ልጁ አያያቸውም፤ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው። ግን ቃሉ የወጣው በሰዓቱ፣ ለሚገባው ሰው፣ በሚገባው ማዕረግ ነበር። አማቼ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉት፤ ለአዋቂ እንደሚባለው፣ ሳያሾፉ። ቁርስ ላይ ደግሞ ለልጃቸው «እርስዎ አለኝ» ብለው ነገሩት፤ ሹመት እንዳገኘ ሰው።

ተአምር አድርጌ ልሸጠው እችላለሁ። ግን በዚያው ቀን ወለል ስወለውል እኔን «አይጎንበሱ» አለኝ። ደረጃው ላይ የጫማዋን ክር የምታስር ጎረቤታችንንም እንዲሁ። ጎረቤታችን እስከ ዛሬ ወገቧ ውስጥ የሆነ ነገር አይቶባት ይሆን እያለች ትጨነቃለች።

ክርክሩን ያሸነፍኩ መሰለኝ። አማቼ ልጁ እንደሚረዳ በዓይናቸው፣ ማለት ባልታሸገው ዓይናቸው፣ አይተዋል። እንግዲህ ምን ጠበል ያስፈልገዋል? የሰውን ሐሳብ ብዙ በማንበብ ያወቅሁ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙ ጋር ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ራት ላይ እንዲህ አሉ።

«አሁንማ ይዤው ነው የምሄደው። ሌላ ሰው የሐኪሙን ቃል እንዲህ ያስታውሰኛል? ዓይኔ እሱ ነው።»

መጀመሪያ የማይረባ ስለሆነ ሊወስዱት ነበር፤ አሁን ስለሚረባ።

«ልጁስ ምን ይላል?» አልኩ። ጊዜ ለመግዛት ነበር እንጂ መልስ ጠብቄ አይደለም።

«ይጠየቃ።» አማቼ ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ከእኔ ጋር አገር ቤት ትሄዳለህ?»

ልጄ ድንቹን በሹካው ከአራት እኩል እየከፈለ «ትሄዳለህ» አለ።

አማቼ እጃቸውን ዘረጉ። «ይኸው። በእናቱ ሰዋስው ‘እሄዳለሁ’ ማለት ነው።»

«ደግሞልዎት ነው፣ አባባ። ጥያቄውን ነው የደገመው።»

«ውሃ ሲሆን ራሱን ነው፤ ጎጃም ሲሆን መድገም ነው?»

ባለቤቴ ሳቀ። እኔም በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። በራሴ ገመድ ታስሬያለሁ። የከፋው ደግሞ አማቼ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ልጄ «እሄዳለሁ» ብሎ ቢሆንስ? አውቶቡስ ይወዳል። አያቱን እንደለመዳቸውም አይቻለሁ። «አይሄድም» የምለው ስለ እሱ ነው ወይስ ስለ ራሴ? እሱ ራሱ ሊጠየቅ ይገባ ነበር፤ በሚገባው ቋንቋ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስክሪብቶ ይዤ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። ብዙ ነገር ጽፌያለሁ፤ እንደዚያ ወረቀት ያስጨነቀኝ የለም። ማጭበርበር እችል ነበር። «ጨለማ» ወይም «ብርድ» የሚል ቃል አንድ ቦታ ብሰነቅር ነገሩ ያልቃል። መመሪያ ግን አይዋሽም፤ ልጄ የሚያምነው በዚህ ነው። የሚሆነውን ብቻ፣ በቁጥር ጻፍኩ።

አንድ፣ ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ይነሱ። ሁለት፣ አውቶቡስ ላይ ይውጡ። ሦስት፣ ከአያትዎ ጋር ወደ ጎጃም ይሂዱ። አራት፣ በየቀኑ ጠዋት በጠበል ይጠመቁ። አምስት፣ ክረምቱን እዚያ ይቆዩ፤ እናትዎና አባትዎ መሳለሚያ ይቀራሉ።

ማታ ለአማቼ ነገርኳቸው። «ዛሬ ስለ ጉዞው ነው የምናነብለት። የሚሄድ ከሆነ አውቆ ይሂድ።»

«መልካም። ይነበብለት» አሉ፤ ደስ ብሏቸው ነበር።

አዛኑ አለቀ። አንደኛውን እኔ አነበብኩ፣ ሁለተኛውን እሱ። ሦስተኛውን እኔ። «ከአያትዎ ጋር ወደ ጎጃም ይሂዱ።» አራተኛው የእሱ ነበር። አላነበበም። ጣቱ ወደ ሦስተኛው ተመለሰ፤ «ይሂዱ» የሚለው ሥር ቆመ። እዚያ ብዙ ቆየ። ከዚያ ትራሱ ሥር ከሚያስቀምጣቸው እርሳሶች አንዱን አወጣና «ጎጃም» እና «ይሂዱ» መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ አንድ ፊደል አስገባ። አ። ቦታው ስላነሳት አንድ እግሯ «ም»ን ተደግፏል። ወረቀቱን መልሶ ጭኔ ላይ አደረገና ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ምነው ቆመ?» አሉ አማቼ።

«ጻፈ።»

«ምን ብሎ?»

እኔ ካነበብኩት የእኔ ቃል ይሆናል። ሄጄ ባለቤቴን ከሳሎን ጠራሁትና ወረቀቱን እጁ ላይ አደረግኩ። «አንብብላቸው» አልኩት።

መጀመሪያ ለራሱ አነበበው። ከሚገባው በላይ ቆየ። አጭር ወረቀት ነው፤ ግን ባለቤቴ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ አፉ ውስጥ ያልነበረውን ቃል ነበር የሚያነበው።

«‘ከአያትዎ ጋር ወደ ጎጃም አይሂዱ’ ይላል» አለ።

«እናቱ ጽፋው ይሆናላ።»

«እሷ ‘ይሂዱ’ ብላ ነው የጻፈችው፣ አባዬ። የእሷ በስክሪብቶ ነው። ‘አ’ዋ በእርሳስ ናት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የልጄን ‘አ’ አውቃታለሁ። በየካርቶኑ ላይ አለች።»

አማቼ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ። «ወረቀቱን ተወው። አንተስ ምን ትላለህ?»

ባለቤቴ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ዋጋ የሚያሰላ መሰለኝ፤ ግን አልነበረም።

«እኔም እሱ ያለውን ነው» አለ።

ከታች አንድ ረዳት የመጨረሻ ተሳፋሪዎቹን ይጣራል። አማቼ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«ሦስት ወንድ አሳድጌ አንዱም እምቢ ብሎኝ አያውቅም» አሉ። «አሁን በአንድ ማታ ሁለት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ታያለሽ? አራተኛውን አንብቢለት እንጂ። ሳይጨርስ አይተኛም እኮ።»

አራተኛውንና አምስተኛውን አነበብኩ። ልጄ ከግድግዳው ሳይዞር አዳመጠ። እነዚያን አልነካቸውም፤ ካልሄዱ አይጠመቁም፣ ካልሄዱ አይቆዩም። ከእኔ በላይ ቁጠባ ያውቃል።

በነጋታው ቤት ያለውን መመሪያ ሁሉ አውርጄ አንድ በአንድ አየሁ። አይንኩ አለ። አይክፈቱ፣ አያርጥቡ፣ አይሹ፣ አይጎንበሱ አለ። አይሂዱ የለም። የትኛውም ካውያ ማንንም አትሂድ አይልም። መምህርቷ ያጣችው ያ ከራሱ የወጣ ቃል ይኸው ነበር፤ አንድ ፊደል ብትበቃው ሌላ ለምን ያባክናል? ወረቀቱን ይዤላት ሄድኩ። አየችው፤ ገለበጠችው፤ መልሳ አየችው። ቡና ጋበዘችኝ። ከእሷ ትልቅ ነገር ነው።

አማቼ ሐኪሙ ካሰናበታቸው በኋላ ብቻቸውን ሄዱ። በየወሩ በአገር ቤት አውቶቡስ አንድ ጀሪካን ጠበል ይልኩልናል። በመጀመሪያው ወር ልጄ አልቀመሰውም። በሁለተኛው ጀሪካኑ ላይ ወረቀት ተለጥፎ መጣ፤ መንደር ውስጥ ባለ ተማሪ አስጽፈውት መሆን አለበት። «በባዶ ሆድ አንድ ኩባያ ይጠጡ። ክዳኑን በደንብ ይዝጉ።» ልጄ ሁለቴ አነበበውና ጠጣ።

አልዳነም፤ የሚድንበት በሽታ የለበትምና። ዛሬም ሲደክመው «ትተኛለህ» ይላል፤ እኔም ብርድ ልብሱን እገልጥለታለሁ። ያን ጊዜ ራት ላይ «ትሄዳለህ» ያለው ምን ማለቱ እንደነበረ እስካሁን አላውቅም። ምናልባት ያን ማታ መሄድ ፈልጎ፣ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ሲያየው ሐሳቡን ለውጦ ይሆናል። ሰው ይለውጣል። ያለ መጠየቅ ግን የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም፤ አማቼ አንዴ ጠየቁት፣ እኔ አንዴ ጠየቅሁት፣ በስምንት ዓመት ዕድሜው ስለ ራሱ ትልቅ ጉዳይ የተጠየቀው ያኔ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጄን ታክሲ ውስጥ ወይም ሱቅ በር ላይ ስታገኙት ስለ እሱ እኔን አታነጋግሩኝ። እሱን ጠይቁት። አፉ ካልመለሰ ጻፉለት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ።